በግንቦት ሙቀት መብራት አይቆረጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን አጥብቆ ይደርባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ይህ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ጉሙ በቀትር እንኳ ከተፍ ይላል። ዋሻውን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በአርማንያ በኩል ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን ያው ሰው ጋቢውን አጣጥፎ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ መንገደኛው 1,900 ሜትር ያህል ወርዷል ማለት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚሞቅ፣ ጣርማ በር ላይ 18 ዲግሪ የሆነ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ ቀትር ከዚህም ያልፋል።

የመብራት ታሪፍ ግን ደጋና ቆላ አይለይም፤ አገር አቀፍ ነው። ሒሳቡን ያልከፈለ ቤት ደብረ ሲናም ይሁን ሸዋ ሮቢት መብራቱ የሚቆረጥበት ምክንያት አንድ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት ግን ለየቅል ነው። ደብረ ሲና ላይ መብራት የተቆረጠበት ቤተሰብ ሻማ ያበራል፣ በከሰል ያበስላል፣ ብርድ ልብስ ይደርባል። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ፣ በግንቦት ቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለተኛ ጨቅላ ወይም አረጋዊ ግን እንዲህ ያለ መላ የለም። ታዲያ በሙቀት ወራት አንድ ቤት በዕዳ ምክንያት መብራትና ውሃ ሊቆረጥበት ይገባል? መልሴ አይገባም ነው። ለምን እንደሆነና አሠራሩ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከመሠረቱ እንጀምር።

የሰው ሰውነት ውስጣዊ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ካልቆየ አይሆንለትም። ውጭው ሲሞቅ ልብ ደምን በብዛት ወደ ቆዳ ይገፋል፣ ቆዳው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ብቻ መሆኑ ነው። ወበቅ በበዛበት፣ አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ላቡ ይንቆረቆራል እንጂ አይተንም፤ ልብ ግን በከንቱ መድከሙን ይቀጥላል። ጤነኛ ጎልማሳ ይህን ለሰዓታት ይችለዋል። ልቡ የደከመ በሽተኛ፣ ለደም ግፊቱ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሰውነቱ ሙቀትን መቆጣጠር ገና ያልለመደ ጨቅላ፣ ጥማት ሳይሰማቸው ውሃ የሚያልቅባቸው አዛውንት ግን አይችሉትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 489,000 ያህል ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። የብዙዎቹ ሞት በሙቀት ስም አይመዘገብም፤ ልቡ ደክሞ ነው፣ ኩላሊቱ ነው፣ ስትሮክ ነው ይባላል። ሙቀት ድምፅ የሌለው ገዳይ በመሆኑ ጎርፍና ድርቅ የሚያገኙትን ትኩረት አያገኝም።

በቆላ ከተሞቻችን ደግሞ ቤቱ ራሱ ከፀሐይ ጋር ይተባበራል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም፤ ሙቀቱን በቀጥታ ቁልቁል ወደ ቤቱ ይለቀዋል። የአርጎባ ሰዎች በዚሁ አምባና ቁልቁለት ላይ የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳቸው የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። ዛሬ በከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ ሕልም ነው። ያለው መከላከያ ቬንትሌተር ነው።

ስለ ቬንትሌተር ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ አየሩን እያንቀሳቀሰ ላቡ እንዲተን ይረዳል። ስለዚህም የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሞቃት አየር በሰውነት ላይ መንፋት ስለሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ያን ጊዜ እንዳንጠቀምበት ይመክራል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሆነ ቬንትሌተር በእርግጥ ያድናል። ሁለተኛ፣ የሚበላው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ይህን በቁጥር እንየው፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚዞር።

ባለ 50 ዋት የቆመ ቬንትሌተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር 15። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ለአንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሠራ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አንድ ጊዜ እንጀራ የተጋገረበት ኃይል ቬንትሌተሩን ለ10 ቀን ያዞራል ማለት ነው። አሁን ከቬንትሌተሩ ጋር መድኃኒትና ወተት የሚቀመጥበት ትንሽ ፍሪጅ እንጨምር፤ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ በወር 30 ይሆናል። ባለ 9 ዋት ሦስት አምፖሎች በየማታው 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 4 ያህል ናቸው። ድምሩ 49 ኪሎ ዋት ሰዓት።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ቤቶች የተተወ ነበር፤ ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 27.3 ሳንቲም። አቅም የሌለው ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነው። አንድን ቤት በሙቀት ወር በሕይወት የሚያቆየው ኃይል በሙሉ በዚያ እርከን ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ዋጋ 14 ብር እንኳ አይሞላም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል፤ የወር ሒሳብ የሚከብዳቸው ቤቶች ቁጥር ከዚህ ጋር አብሮ መጨመሩ አይቀርም። ግን ከሙቀት የሚያድነው ኃይል መጠን ያው ነው፤ አላደገም።

ውሃውን ከመብራቱ ለይቶ ማየት ደግሞ ስህተት ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ እየተሳበ ወደ ማጠራቀሚያ በሚወጣ ውሃ የሚኖር የቆላ ከተማ፣ መብራት ሲጠፋ ከሰዓታት በኋላ ቧንቧውም ይደርቃል። ጄሪካን ተሰልፎ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የውሃ መቋረጥ ለቆላ ሰው ከመብራት መቋረጥም ይብሳል ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ፖሊሲ እንዲቀረጽ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሰብዓዊ መብት መሆኑን ተቀብሏል። በዕዳ ምክንያት ቧንቧ የሚዘጋ የከተማ ውሃ አገልግሎት ይህን ማስታወስ አለበት።

እንግዲህ አንድ ቤት መብራት የሚያጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት መፍትሔ የላቸውም። ብልሽት አለ፤ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ምሰሶ ይወድቃል። ፈረቃም አለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎድሏት የመኖሪያ ቤቶች ሳይቀሩ በፈረቃ እንዲጠቀሙ ተደርጎ ነበር። ወሩ ግንቦት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። የግድቦቻችን ውሃ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ የሚልበት ጊዜና ቆላው የሚግልበት ጊዜ አንድ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው ከእንግዲህ የኃይል እጥረት ለቆላው ቀትር ምክንያት ሆኖ መቅረብ የለበትም። ፈረቃ እንኳ ግድ ቢሆን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለቆላ ከተሞች ይተውላቸው፤ ደጋው ያን ሰዓት ያለ መብራት ቢያሳልፍ ሕይወት አይጠፋበትም።

ፈረቃም ብልሽትም የሠፈር ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይጨነቃል፣ አብሮ ይደውላል። በዕዳ የሚቆረጥ መብራት ግን የአንድ ቤት ነው፤ ቤተሰቡም ሐፍረት ይዞት ለማንም አይናገርም። ውዝፍ ያለበት ደንበኛ መስመሩ ይቋረጣል፣ ውዝፉንና መልሶ ማስቀጠያውን ከፍሎ ይቀጠልለታል። ይህ ቢያንስ ቆራጭ አለው፤ መጥቶ በር የሚያንኳኳ፣ «እናቴ ታመው ተኝተዋል፣ እስከ ሰኞ ታገሡን» የሚባል ሰው አለ።

የካርድ ቆጣሪ ይህንንም አስቀርቷል። ቅድመ ክፍያ ነውና ካርዱ ሲያልቅ ኃይሉ ይቆማል፤ የቆረጠ ሠራተኛ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የሰጠ ደብዳቤ የለም፣ በመዝገብ የተጻፈ ነገር የለም። ዓርብ ማታ ካርዱ ያለቀበት ሰው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ካርድ የሚሞላበት ማዕከል ተዘግቶ ወይም ሲስተም የለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ እስኪያገኝ ድረስ በጨለማና በወበቅ ይቀመጣል፤ በማንም ስታቲስቲክስ ውስጥ «የተቆረጠበት» ተብሎ አይቆጠርም። መብራት እንዳይቆረጥ የሚል ሕግ ነገ ቢወጣ እንኳ ባለ ካርዱን ቤት ካላሰበ ድሃውን አልነካውም ማለት ነው።

ከዚህም የከፋው የጋራ ቆጣሪ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ አለ እንበል፤ ቆጣሪው በአከራዩ ስም አንድ ነው። አምስቱም ቤቶች ለየብቻ ቢለኩ እያንዳንዳቸው በትንሹ እርከን ውስጥ ይወድቁ ነበር። ተደምረው ሲለኩ ግን ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፉና በጣም ከፍ ባለ ዋጋ ይከፍላሉ። ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው ዝቅተኛ እርከን ድሃው የማይደርስበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መብራቱን የሚያጠፋውም መሥሪያ ቤቱ አይደለም። ኪራይ ያዘገየ፣ ወይም «ቬንትሌተር ቀን ሙሉ ታበራለህ» የተባለ ተከራይ መስመሩ ከአከራዩ ቤት ይነቀላል። አከራዩም ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከፍ ያለ ቢል የሚመጣው በእሱ ስም ነው።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018፣ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ባለፈበት ቀን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የ72 ዓመት አዛውንት ሴት መብራታቸው ተቆረጠ። ካለባቸው ዕዳ ላይ 125 ዶላር ከፍለው ነበር፤ የቀረባቸው 51 ዶላር ነው። ከቀናት በኋላ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጉዳዩ ሲሰማ አገር ተቆጣ፤ የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በተከታዩ ዓመት ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ የትኛውም ቤት በዕዳ መብራት እንዳይቆረጥበት ደነገገ። ዕዳው ተሰርዟል አልተባለም፤ መቁረጡ ብቻ ነው የተከለከለው።

ፈረንሳይ ደግሞ ለብርድ የደነገገችው አለ። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 መብራትና ጋዝ በዕዳ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የመብራት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ከዚያም አልፎ፣ ዓመቱን ሙሉ መቁረጥ ትቶ ኃይሉን ወደ አንድ ኪሎ ቮልት አምፒር ብቻ ዝቅ ማድረግ ጀምሯል። ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። አንድ ኪሎ ቮልት አምፒር ማለት ወደ 1,000 ዋት ነው፤ ቬንትሌተሩን፣ ፍሪጁን፣ አምፖሎቹን፣ ስልክ ቻርጁን ሁሉ ይችላል። ምጣዱን አይችልም። ባለ ዕዳው ቤት እንጀራውን በማገዶ ይጋግራል፣ ዕዳውን ለመክፈል በቂ ምክንያት አለው፣ ልጁ ግን በሙቀት አይሞትም። ለዚህ የሚያስፈልገው ቆጣሪው ላይ የሚገጠም አነስተኛ ብሬከር ነው፤ መስመር የሚቆርጠው ሠራተኛ በመቁረጥ ፋንታ ይህን ገጥሞ ይመለሳል።

ለካርድ ቆጣሪውም ምሳሌ አለ። በብሪታኒያ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ሌሊት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ በበዓል ቀን ሒሳባቸው ቢያልቅ እንኳ ኃይሉን አያቋርጡም፤ የተጠቀመው በሚቀጥለው ሲሞላ ይቀነስበታል። ለይፋት፣ ለአፋር፣ ለጋምቤላ፣ ለድሬዳዋ ከሌሊቱ ይልቅ የሚያስፈልገው የቀትሩ ሰዓት ነው። ቆጣሪው በእነዚህ አካባቢዎች በሙቀት ወራት ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት በብድር እንዲሰጥ ማድረግ የመሥሪያ ቤቱ የፕሮግራም ሥራ ነው። ስልካችን የአየር ሰዓት በብድር የሚሰጥበት አገር ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

«ታዲያ ሁሉም ሰው በግንቦት መክፈል ቢተውስ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ገንዘብ ካልሰበሰበ ትራንስፎርመር መቀየር አይችልም፤ ትራንስፎርመር ካልተቀየረ ደግሞ የሚጎዳው ያው የቆላ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ሦስት ገደብ ይኑረው። ለመኖሪያ ቤት ብቻ ይሁን፤ ሆቴልና ወፍጮ ቤት አይጨምር። ለታወቀ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ለይፋት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መግቢያ ይበቃል፣ ወይም የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል ብሎ በተነበየባቸው ቀናት ይታገድ። ዕዳውም አይሰረዝ፤ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ተከፋፍሎ ይከፈል። የይፋት ገበሬና ነጋዴ ገንዘብ የሚያየው ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ ነው፤ መክፈል የሚችልበት ወር ሲደርስ ይከፍላል።

መንግሥት ቆላ ከደጋ እንደሚለይ ቀድሞውንም ያውቃል። በረሃማ ቦታ ለሚመደቡ ሠራተኞቹ የበረሃ አበል የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። የደመወዝ ወረቀት ላይ የታመነው ሙቀት የመብራት ቢል ላይ የሚካድበት ምክንያት አይታየኝም።

የትኛው ቤት ቅድሚያ እንደሚያስፈልገው ለማወቅም አዲስ ጥናት አያስፈልግም። ለማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ አባወራዎች በየቀበሌው ተለይተው ተመዝግበዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን፣ የስኳር በሽተኛውን በስም ያውቃሉ። ቅሬውና ዕድሩ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንት ያውቃሉ። እነዚህ ዝርዝሮች የካቲት ላይ ተሰብስበው ለአገልግሎት ማዕከሉ ቢደርሱ፣ ከሚያዝያ በፊት የማይቆረጥባቸው ቆጣሪዎች ምልክት ይደረግባቸዋል።

ሕጉ እስኪመጣ ደግሞ ቤተሰብ በእጁ ያለውን ያድርግ። ኢንሱሊን ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከመጣል ይልቅ ውሃ እንዳይነካው ጠቅልሎ፣ ውጩ እርጥብ በሆነ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ይጠቅማል። እርጥብ ጨርቅ በአንገትና በብብት ማድረግ፣ ሳይጠሙ ውሃ መጠጣት፣ የቀትሩን ሥራ ማስተላለፍ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ራሱን የሳተ፣ የተወነባበደ፣ ቆዳው እንደ እሳት የሚያቃጥል ሰው ካጋጠመ ግን ውሃ እያርከፈከፉ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደረጃ ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ግንቦት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ትንሽ አስቀድሞ ቢሞላ፣ ውዝፍ ያለበት ደግሞ ቆራጩ ሳይመጣ ወደ ማዕከሉ ሄዶ ወይም በ905 ደውሎ በክፍያ ጊዜ ላይ ቢነጋገር ይሻላል።

ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ውሉ ሲጻፍ ሁለት መስመር ማስጨመር ይቻላል፦ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ከተከራዮቹ የሚሰበሰበው እንዴት ተከፋፍሎ እንደሆነ፣ እንዲሁም ኪራይ ወይም ሒሳብ ቢዘገይ አከራይ ጉዳዩን ወደሚመለከተው አካል ይወስዳል እንጂ መስመር እንደማይነቅል። ሁለቱም ወገን ከፈረሙበት በኋላ ውሉ ይመዝገብ፤ አንድ ቅጂም ተከራዩ እጅ ይቅር።